ግራ ክንድዎን ያንሱ

— ሄሎ? … አቤት፣ ሄሎ! … አዎ፣ የሐሚዳ ሱቅ ነው። ማን ልበል? … ሐምዛ! አንተ ነህ እንዴ? … ምነው በዚህ ሰዓት? ማክሰኞ አይደል ዛሬ? ሽማግሌዎችህን ለማን ትተህ ነው? … ወይስ እዚያው ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው?

ሐሚዳ የስልኩን እጀታ በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ ለደንበኛዋ ጥቁር ቁልፎች መልቀሟን አላቋረጠችም። ቦሌ ሚካኤል ያለችው ይህች የክርና የቁልፍ ሱቋ ስልክ ከገባላት ገና ዓመቷ ነው፤ ያስገባላትም ይኸው የሚያናግራት ልጇ ነው። ሐምዛ አትላስ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ወገባቸው፣ ትከሻቸው ወይም ጉልበታቸው የተያዘባቸውን ትልልቅ ሰዎች ሰውነት ማፍታታት ያስተምራል። ዝላይ የለው፣ ሩጫ የለው። ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ክንድን ቀስ ብሎ ማንሳት፣ አንገትን ቀስ ብሎ ማዞር፣ በረጅሙ መተንፈስ፤ ሥራው ይኸው ነው። ለእናቱ ከዚህ የበለጠ ሰላማዊ እንጀራ አልነበረም።

— ምን አልክ? … ቀስ በል፣ እየሮጥክ ነው እንዴ የምታወራው? … ጸጉሬን? … ጸጉሬን ቅቤ ልቀባ? አንተ፣ ምን ነካህ ዛሬ? በጠዋቱ ስለ እኔ ጸጉር …

ቁልፎቹ ከእጇ ተበተኑ።

— ማንን አገኘሁት ነው የምትለው?

ባሏ ሰይድ ኮምቦልቻ ውስጥ በገዛ ግቢው፣ በጠራራ ፀሐይ በጥይት ከተገደለ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈው። ዘመኑ ማን ማንን እንደሚገድል የማይታወቅበት ዘመን ነበር፤ ገዳዩ ሰው ይሁን ቡድን፣ ጎረቤት ይሁን እንግዳ፣ የነገራት የለም። በቀብሩ ማግስት የሟች ወንድም ኢሳ ለቀስተኛው ፊት ደሙን እንደሚመልስ ሲምል፣ ሐሚዳም ተነሥታ «የሰይድ ደም እስኪመለስ ጸጉሬን ቅቤ አላስነካም» ብላ ማለች። ሐምዛ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ቀሚሷን ይዞ ከጎኗ ቆሞ ነበርና ቃሉን አንድ በአንድ ሰምቶታል።

— አይደለም … ሐምዛ፣ አይደለም እልሃለሁ። ስማኝ … ጠባሳውን? … የት ጋ? … በግራ ብብቱ ሥር … እንደ ማጭድ የታጠፈ …

ክር የሞላው ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ደንበኛዋ ቀና ብላ አየቻት።

— እህቴ፣ ነገ ነይ። … ነገ ነይ አልኩሽ እኮ፣ ቁልፉን ውሰጂውና ሂጂ! … አለሁ፣ ሐምዛ፣ አለሁ። አንድ በአንድ ንገረኝ። … ሁለት ወር ሙሉ ስታስተምረው ሹራብ እንደለበሰ ነበር። … ዛሬ ሞቀኝ ብሎ በካናቴራ ቀረ። … አንተ «ግራ ክንድዎን ያንሱ» አልክ። … አነሣ። … እና አየኸው።

— ስሙስ ማነው? … ገብረዋሕድ። የትግራይ ሰው ነው። ታዲያ የትግራይ ሰው ኮምቦልቻ ምን … ኮምቦልቻ ሠርቻለሁ አለህ? … መቼ? … እሱን አልጠየቅከውም። አልጠየቅከውም እኮ፣ ልጄ! … አሁን የት ነው? … ምንጣፉ ላይ። ተጋድሞ ነው? … ታስሮ? በምን አሰርከው? … እግር በሚስቡበት ጨርቅ። … ሌሎቹስ? … አስወጣሃቸው። በሩንስ? … ቆለፍከው።

ሰውየው ታስሯል፤ በሩ ተቆልፏል። ሐሚዳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች። በስልኩ ውስጥ ከሩቅ በር ሲደበደብ ይሰማታል። ከበሩ መደብደብ ቀረብ ብሎ ሌላ ድምፅ አለ፤ ጉሮሮው ውሃ የሞላው ሰው የሚያሰማው ዓይነት።

— በሩን የሚመታው ማነው? … ወይዘሮ አስመረት ናቸው፣ ያቺ ወገባቸውን የሚያማቸው ተማሪህ? እሳቸውንም ያስፈራሃቸው … ይሄኛውስ? የሚያቃስተው? … መታኸው? … በምን? … በብረት? የምን ብረት? … ከጎን ካለው ክብደት ማንሻ ክፍል አምጥተህ … አፉን? … ጥርሱን! … ያ አላህ! ያ አላህ፣ ሐምዛ፣ የስልሳ ዓመት ሰው ነው እኮ!

እጀታውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ በረንዳው ዞረች። እዚያ ጎረቤቷ ሉሊት የልብስ ስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋ ነበር።

— ሉሊት! ስፌቱን ተዪው! ኮንትራት ታክሲ ያዢና አትላስ ሂጂ፣ ሐምዛ የሚያስተምርበት ሆቴል! በሩን ይስበሩት በያቸው … ፖሊስ አትጥሪ! … ኧረ ጥሪ፣ ጥሪ፣ ያገኘሽውን ጥሪ! ሰው ሊገደል ነው! … ሐምዛ አይደለም የሚሞተው! የሚገድለው ነው ሐምዛ! … ምን ይገትርሻል፣ ሂጂ!

ሉሊት መቀሷን እንደያዘች ሮጠች። ከቦሌ ሚካኤል አትላስ፣ መንገዱ ከቀና አሥር ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ። ሐሚዳ አንድ ነገር ብቻ ገባት፤ ልጇ ስልኩን እስከያዘ ድረስ አንድ እጁ ለመምታት አይተርፍም።

— አለሁ። … ማንም አይደለም፣ ደንበኛ ናት። … አልላክሁም። … ማን አለኝ የምልከው? … ሐምዛ፣ ለአጎትህ ደወልክለት? … ገና ነው። ተወው፣ አትደውልለት። እሱ ሽጉጡን ይዞ ነው የሚመጣው። … ቅድሚያ የእኔ ነው? እሺ፣ የእኔ ከሆነ እኔ ልናገር። … አይ፣ አልፈልግም። … ስልኩን ወለል ላይ አድርገህ እኔ እንድሰማ? … አልሰማም! የአባትህን ሰምቻለሁ፣ ለዕድሜዬ ይበቃኛል! አልሰማም፣ ጆሮዬን ቆርጬ እጥለዋለሁ እንጂ!

— እሺ፣ አልጮህም። አልጮህም፣ ይኸው። … ሐምዛዬ፣ ተንፍስ። … አዎ፣ ተንፍስ ነው ያልኩህ። ትከሻዬ ሲያዝብኝ አንተ አይደለህ «እማዬ፣ መንጋጋሽን ፍቺው፣ ትከሻሽን ጣይው፣ በአፍንጫሽ ሳቢ» የምትለኝ? መንጋጋህን ፍታው። ብረቱን አስቀምጥና … አትሳቅ። … ልጄ፣ እንዲህ አትሳቅ። የአንተ ሳቅ አይደለም ይሄ።

ሳቁ በድንገት ቆመ። ከዚያ አንድ ነገር ወረደ። ሐሚዳ ብዙ ዓይነት ድምፅ ታውቃለች፤ ጆንያ ከመኪና ሲወርድ፣ በሬ ሲጣል፣ እንጨት ሲፈለጥ። ይህ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ከድምፁ በኋላ የመጣው ጩኸት ግን የሽማግሌ ሳይሆን የሕፃን ጩኸት ይመስል ነበር።

— ሐምዛ! … ሐምዛ፣ ምን አደረግከው? … ጉልበቱን? … የቱን ጉልበት? የታመመውን? ለዚያ አይደል እንዴ ወዳንተ የመጣው! … ይበቃል! … ምን ማለትህ ነው «ገና ነው»? … እንዲያምን? ምኑን ነው የሚያምነው? … ሰይድ የሚባል አላውቅም አለህ? ታዲያ የማያውቀውን ምን ብሎ ይመንልህ!

በረንዳው ላይ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ሐሚዳ ማንንም አላየችም። ከአሥሩ ደቂቃ ገና ሦስቱ እንኳ አልሞላም። የሚቀጥለው ምት ጭንቅላቱ ላይ እንደሚያርፍ ልጇ ሳይነግራት ገብቷታል። የቀራት አንድ ነገር ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥርሷ ሥር ይዛው የኖረችው ነገር።

— ሐምዛ። ገዳዩ አለው ያልኩህ ጠባሳ ውሸት ነው።

— … ውሸት ነው አልኩህ። የለም እንደዚያ የሚባል ጠባሳ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። … ለማን እከላከላለሁ? ሰውየውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም! … ገዳዩን? ገዳዩንም አላየሁትም። … አላየሁትም! ፊቱን ያላየሁ ሴት ብብቱን ከየት አምጥቼ ላየው?

— አስታውስ እስቲ። አልጋ ሥር ነበርን። … አዎ፣ አንተ ደረቴ ሥር ነበርክ። ዓይንህን በመዳፌ ይዤው ነበር። … የራሴንስ? … የራሴን ጨፍኜ ነበር፣ ልጄ። … ጨፍኜ ነበር እኮ! ፈራሁ! ሰውየው ከተኮሰ በኋላ በራችን ላይ መጥቶ ቆመ፤ ሲተነፍስ ሰምቼዋለሁ። ዓይኔን ብገልጥ አየው ነበር። በእኔና በእሱ መካከል ይህ ባንኮኒ የሚያህል እንኳ አልነበረም። አልገለጥኩም። … አሥራ ስምንት ዓመት በየቀኑ ገልጬዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን አልገለጥኩም።

ከማዶ የሚደበደበው በርና የሰውየው ሲቃ ብቻ ቀሩ።

— ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … ለምን ዋሸሁህ? እነግርሃለሁ፣ ብረቱን ብቻ … እሺ፣ እነግርሃለሁ። አዲስ አበባ እንደመጣን ወንድ ሁሉ ያስበረግግህ ነበር። ሱቅ ስልክህ ባለሱቁን ታያለህ፣ መስጊድ ስትሄድ ሰጋጁን ታያለህ፣ «እማዬ፣ ይሄ ነው? ይሄኛው ነው?» … ዘጠኝ ዓመት ሲሞላህ ያን ተሸካሚ በድንጋይ ዓይኑን አጠፋህለት። … አዎ፣ እሱን። የማንንም አባት ያልነካ ምስኪን! «እሱ ነው፣ አውቄዋለሁ» አልክ። ምን ላድርግ? አላየሁም ብልህ ወንድ ሁሉ ገዳይ ሆኖብህ ሊቀር ነው። ምልክት ሰጠሁህ። ምልክት የሌለበትን ሰው እንድትተወው ነው ምልክት የሰጠሁህ!

— ብብትን የመረጥኩት ሰው ለሰው ብብቱን ስለማያሳይ ነው። ይሄ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ቢፈልግ አያገኘውም ብዬ። … አንተ ደግሞ ዞረህ ዞረህ፣ ከስንቱ ሥራ፣ ክንድ የሚያስነሣ ሥራ ያዝክ! ሥራ ያዝኩ ብለህ ስትመጣ እኔ ሌሊቱን … ተወው። መናገር ነበረብኝ። ደስ ብሎህ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዝም አልኩ።

— ምን? … ማጭዱን ከየት አመጣሁት?

ይህን ጥያቄ አልጠበቀችውም። በግራ እጇ አፏን ሸፈነች፤ መልሳ ገለጠችው።

— ከአባትህ።

— … የአባትህ ጠባሳ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊቴ ቆሞ «ምን ዓይነት ምልክት?» ሲለኝ፣ የመጣልኝ እሱ ነው። እኔ የማውቀው የአንድ ወንድ ብብት ብቻ ነው፣ ሐምዛ። ሌላ ከየት ላምጣ? … የሟቹን ምልክት ለገዳዩ ሰጠሁት። አላህ ይቅር አይበለኝ። … አባትህ መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሳለ ነው። ጆንያ የሚስቡበት ቆልማማ ብረት አለ፤ እሱ ነው ቀዶት የገባው። ሳላገባው በፊት ነው። … አይደለም፣ ሰውየው የአባትህ ጠባሳ እንዴት እንደኖረው እኔም አላውቅም! እኔም አሁን ነው የምሰማው! … ስጠኝ። ሰውየውን ስጠኝ። … ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግለት። ሽቦው ካልደረሰ ወደ ስልኩ ጎትተው፣ ስትደበድበው ጎትተኸው የለም እንዴ! … አባትህን እወድ ነበር የምትል ከሆነ ስጠኝ!

የሚጎተት ነገር ድምፅ መጣ። ከዚያ አጠገቧ የተቀመጠ እስኪመስል ድረስ ቅርብ የሆነ፣ የሚያፏጭ ትንፋሽ።

— ሄሎ … ጋሽ ገብረዋሕድ? … ይሰሙኛል? … እናቱ ነኝ። … አዎ፣ የሐምዛ እናት። … አይለፉ፣ አይለፉ፣ ለስድብ ጊዜ አለን፣ በኋላ ይሰድቡኛል። አሁን አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ጮክ ብለው፣ እሱም እንዲሰማ። ያ ብብትዎ ሥር ያለው ጠባሳ፣ ምን ያደረገው ነው?

ሰውየው በተሰበረ ጥርስና በደም መካከል ቃል ለማውጣት ጊዜ ወሰደበት። ሐሚዳ የያዘችውን ቃል ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ እሱ የሚያጥረውን እሷ እየሞላችለት።

— ኮምቦልቻ … የእህል መጋዘን … ጫኝ ነበሩ። … ስንት ዓመት? … ሁለት ዓመት። ወጣት ሳሉ። … ጆንያውን ከመኪናው ላይ ላለው ሰው ሲያቀብሉ … ብረቱ ያመልጥና … ክንድዎ ከፍ ብሎ ስለሆነ ብብት ውስጥ ይገባል። … ምን አሉኝ? … ይድገሙልኝ። … ግማሹ ጫኝ እንዲህ ነው? … «የመጋዘኑ ማኅተም» ትሉት ነበር?

ዓይኗን ጨፈነች። ሰይድ ይህን ቀልድ ነግሯት አያውቅም። በምድር ላይ የአንድ ሰው ብቻ ነው ብላ የደበቀችው ምልክት፣ በዚያ መጋዘን ደጃፍ ሲወርድና ሲወጣ የኖረ ጫኝ ግማሹ ተሸክሞት የሚሄድ ኖሯል። ስንት ሰው ነው በልጇ ፊት ክንዱን ሳያነሣ ያለፈው?

— ሰይድ ይመር የሚባል ጫኝ ያውቁ ነበር? … አያስታውሱም። … እውነትዎን ነው። ስንቱን ያስታውሳሉ። … ልጄ ስልኩን መልሶ ይውሰደው። … ይውሰደው፣ አይዞዎት፣ አይመታዎትም። … አይመታዎትም!

— ሐምዛ፣ ሰማህ? … አስጠናሁት? መቼ ነው የማስጠናው? አንተው አይደለህ እንዴ ስልኩን የያዝክለት! ጆንያ ያልኩት ለአንተ ነው እንጂ ለሱ ነው? የመኪናውንስ፣ ከላይ የሚቀበለውን ሰው ነግሬዋለሁ? … እና? … እና ምን? … «ታዲያ ማነው?» … አላውቅም። … አላውቅም፣ ልጄ። ማንን እንደምትመታ እኔን አትጠይቀኝ። … እኔን? … ና። ቦሌ ሚካኤል ነኝ፣ ባንኮኒዬ ጀርባ ነኝ። ና ምታኝ። እሱን ትተህ ና። … ውሸታም በለኝ፣ እሺ። … እሱንም በለኝ። … እናት አይደለሽም? … እሺ። አይደለሁም። ብረቱን አስቀምጥና አይደለሁም።

የብርጭቆ ናዳ ጆሮዋን ሞላው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ።

— ሐምዛ! … ምን ነበር? … ሐምዛ፣ መልስልኝ! … መስተዋቱ? … መስተዋቱን ነው? … ሰውየውስ? … በለኝ እንጂ፣ ሰውየው ደህና ነው? … ብረቱ የት አለ? … መስተዋቱ ውስጥ ቀረ። … አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ። … አሁን በሩን ክፈት። … ፈርተህ ነው? ፍራ። እየፈራህ ክፈተው። … እጅህን አሳያቸው፣ ባዶ መሆኑን አሳያቸው …

በሩ መከፈቱን አልሰማችም። የሰማችው የእግር ኮቴ ነው፤ ብዙ እግር፣ ብርጭቆ የሚረግጥ። አንድ ሰው «ሽማግሌውን ጨርሶታል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዱላው ጀመረ። የሆቴሉ ዘበኞች ይሁኑ መንገደኛ፣ ስንት እንደሆኑ አታውቅም፤ ዱላው ግን ተራ አልጠበቀም። እንደ ዝናብ ነበር የሚወርደው። ልጇ አንድ ጊዜ ብቻ «እማዬ» አለ። አልጋ ሥር ሳሉ ሳይለው የቀረውን ሁሉ በዚያች አንድ ቃል አለው።

— ተዉት! … ሄሎ! … ሰዎች! … ተዉት፣ ብረቱን ጥሎታል፣ ጥሎታል! … ስልኩን አንሡት! … አንድ ሰው ስልኩን ያንሣው! … ሄሎ! …

— … ሄሎ? ማነው? … እርስዎ ነዎት። … ፈቱዎት። … መቆም አልቻሉም፣ ገባኝ። … ልጄን እየገደሉት ነው? … ጋሽ ገብረዋሕድ፣ የምለምንበት አፍ የለኝም። አውቃለሁ። ግን እርስዎ ተዉት ካሏቸው ይተዉታል። የተበደሉት እርስዎ ነዎት፣ የእርስዎን ቃል ይሰማሉ። … ምን? … ይጠይቁኝ። ፈጥነው ይጠይቁኝ።

ሽማግሌው አልፈጠነም። ከጀርባው ሰው እየተደበደበ፣ አፉ ደም እየሞላ፣ አንድ በአንድ ነበር የጠየቃት። ሐሚዳ በትክክል መስማቷን ለማረጋገጥ ደገመችው።

— ያን ቀን … ዓይኔን ገልጬ ቢሆን … ገዳዩን አይቼው፣ አውቄው ቢሆን … ለልጄ እነግረው ነበር ወይ?

ሰውየው የሚፈልገው መልስ የቱ እንደሆነ ግልጽ ነበር። «አልነግረውም» በምትል አንዲት ቃል ልጇን ከዱላ ታወጣዋለች። ቃሏም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። የዱላው ድምፅ አላቋረጠም።

— … እነግረው ነበር።

— አዎን። እነግረው ነበር። ስሙን፣ ሰፈሩን፣ በየት በር ወጥቶ በየት እንደሚገባ፣ ሁሉንም እነግረው ነበር። መቼ አድጎ በደረሰልኝ እያልኩ አሳድገው ነበር። … ያላደረግኩት ስላላየሁ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። … ጋሽ ገብረዋሕድ? … ሄሎ?

እጀታው በሽቦው ተንጠልጥሎ ግድግዳውን ሲመታ ይሰማታል። ከዚያ ማዶ ያ የተሰባበረ አፍ አንድ ነገር ተናገረ። ዱላው አላቆመም። እንደገና ተናገረ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ጩኸት ነበር። ዱላው አንድ፣ ሁለት ጊዜ ካረፈ በኋላ ቆመ።

— … አለሁ። አልሄድኩም። … ይተነፍሳል? … እርግጠኛ ነዎት? … ክንዱ። … የቱ ክንድ? … እሺ። ክንድ ይድናል። … ሉሊት ናት? አዎ፣ እኔ ነኝ የላክኋት። መቀስ ይዛ ነው? አይፍሯት፣ ልብስ ሰፊ ናት። … ፖሊሶቹም ደረሱ። … ይታሰራል። … ይታሰር። … አይ፣ አልለምንዎትም። ጥርስዎን ይንገሯቸው፣ ጉልበትዎን ይንገሯቸው፣ አንዲት እንዳይቀንሱ። እኔም መጥቼ የኔን እናገራለሁ። … የኔን ነዋ! ያን ጠባሳ ማን እንዳስተማረው እሱ ብቻውን አይመልስም። … ጋሽ ገብረዋሕድ፣ እሱን ሆስፒታል ይውሰዱት ከማለትዎ በፊት እርስዎ ይሂዱ። እርስዎ ይቅደሙ። …

— አንድ ነገር ብቻ። ልጄ ሊያናግረኝ ይፈልጋል? ይጠይቁልኝ። … አይፈልግም። … እሺ። … ግድ የለም፣ አይመልስልኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ብቻ ያድርጉልኝ። ይስማኝ።

የብርጭቆ ስብርባሪ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ትንፋሽ መጣ፤ አጭር፣ የሚቆራረጥ፣ በአፍ የሚሳብ። እናት የልጇን ትንፋሽ ከሺህ ትንፋሽ ታውቀዋለች።

— ሐምዛ። … እኔ ነኝ። … አትመልስ። አባትህን ማን እንደገደለው አላውቅም። ፖሊስ ቢጠይቅህም፣ ዳኛ ቢጠይቅህም፣ ኢሳ ወህኒ ቤት ድረስ መጥቶ በጆሮህ ቢጠይቅህም፣ «እናቴ አላየችም» በል። … እሱን ብቻ በል። «እናቴ አልጋ ሥር ነበረች፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር፣ አላየችም።» … ሐምዛ?

ትንፋሹ ለአንድ አፍታ ቆመ፤ እንደገና ቀጠለ።

— … እሺ። … እሺ፣ ልጄ። መጣሁ።

ስልኩ ከማዶ ተዘጋ።